ወረፋው እስኪደርስ፦ ከዳሌ ቅየራ በፊት ሰውነትን ማዘጋጀት



ጁሙዓ ቀን በአቦምሳም ሆነ በአዳማ ወደ አንዱ መስጂድ ገብታችሁ የሰፉን ዳርና ዳር ብታስተውሉ የተደረደሩ ወንበሮች ታያላችሁ። ከተቀመጡት መካከል አረጋውያን ይበዛሉ፤ አርባና ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸውም አይጠፉም። ብትጠይቋቸው አንዱ «ጉልበቴን» ይላል፣ ሌላው «ወገቤን» ይላል። ከእነሱ መካከል ቀላል የማይባሉት ሕመማቸው ጉልበትም ወገብም ሳይሆን የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ምኞታቸውን ስትጠይቁ ደግሞ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ግንባራቸውን እንደ ድሮው መሬት ላይ ማሳረፍ።

በዚህ ወር የምናወራው ስለ ዳሌ ቅየራ ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናውን ለሐኪሞቹ ትተን ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታትና ወራት በሽተኛውና ቤተሰቡ ማድረግ የሚችሉትን እናያለን። ለምን ይህን እንደመረጥኩ ለማስረዳት የቤተሰባችንን ታሪክ ላስቀድም።

አክስቴ የአቦምሳ ሰው ናቸው። ለዓመታት ቀኝ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ኖሩ፤ ጉልበቱ በቅባት ታሸ፣ በወጌሻ ተጎተተ። ከሱቅም ከፋርማሲም የማስታገሻ ክኒን ተገዝቶ ተዋጠ። በመጨረሻ አዳማ ላይ ራጅ ሲነሱ ጉልበታቸው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ያለቀው ዳሌያቸው ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፣ ተመዘገቡ፣ «ወረፋ ሲደርስ እንደውላለን» ተባሉ። ወራት አለፉና ስልኩ ተደወለ። ልጆቻቸው አንድ በሬ ሸጠው ይዘዋቸው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ሁለት ነገር ተገኘ። የደማቸው መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚባለው፣ 9 ብቻ ነው። ዳሌያቸው ላይ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት «ለሕመሙ ይሆናል» ተብሎ የተተኮሰ ገና ያልሻረ ቁስል አለ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀዶ ሕክምናው ተላለፈ። ከአቦምሳ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሐኪሙ ያደረገው ትክክል ነበር። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። በእነዚያ የወረፋ ወራት «ይህን ብሉ፣ ይህን ተዉ፣ እግርዎን እንዲህ ያንቀሳቅሱ» ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ዳሌ ሲያልቅ

የዳሌ መገጣጠሚያ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ራስ ክብ ኳስ ሲሆን ከዳሌ አጥንት በተቦረቦረው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ይሽከረከራል። ሁለቱም በለስላሳ ልባስ (ካርቲሌጅ) ተሸፍነዋል። ልባሱ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው፤ ወደ ጭንና ወደ ጉልበትም ይወርዳል፤ አክስቴን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው። ካልሲ ማጥለቅ፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ መኪና ላይ መውጣት ሲያቅት ዳሌን መጠርጠር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት በአብዛኛው በዕድሜ ብዛት መገጣጠሚያቸው ያለቀ አረጋውያን ናቸው። በአፍሪካ ሁኔታው የተለየ ነው። ማላዊ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመገጣጠሚያ ቅየራ የተደረገላቸውን ሰዎች በብሔራዊ መዝገብ ስትይዝ ከታዩት ዋና ምክንያቶች አንዱ የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ መሞቱ ነበር። ይህ ወጣቶችንም ይይዛል። በጊዜው ያልታከመ ስብራት ወይም ውልቃት፣ አልኮልና አንዳንድ የደም በሽታዎች ያመጡታል። አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ፕረድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የተባሉት መድኃኒቶች ሐኪም ሲያዛቸው ሕይወት ያድናሉ። «ለቁርጥማት» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲወሰዱ ግን ራሱን ዳሌን ሊገድሉት ይችላሉ። ሕመሙን በፍጥነት ስለሚያስታግሱ ሰው ይወዳቸዋል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ የቆየ ሰው ጥርሱ ይቡኒያል፤ ሲቆይም አከርካሪውና መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ያጠኑት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በወንጂ ወይም በመተሐራ አካባቢ ያደገ ወይም ለረዥም ዓመታት የሠራ ሰው ለአጥንት ሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር። በፍሎራይድ የተጎዳ አጥንት ከውጭ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ይሰበራል፤ ለቀዶ ሐኪሙም አስቸጋሪ ነው።

ቅየራው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ዛሬም መሠረት የሆነውን አሠራር አስጀመረ፤ ከብረት የተሠራ ኳስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ከ100 የተቀየሩ ዳሌዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ያገለግላሉ። በአገራችንም ይሠራል፤ ከአቦምሳና ከአካባቢዋ የሚነሳ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአካባቢው ሆስፒታል ወደ አዳማ ወይም ወደ አሰላ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

(በመውደቅ ድንገት የተሰበረ ዳሌ ግን ከዚህ ጽሑፍ ውጪ ነው። ወድቆ እግሩን ማንሳት ያቃተው፣ እግሩ ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ ሰው ወጌሻ ሳይነካው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። እሱ የሚጠብቀው ወረፋ የለውም።)

ጡንቻ ከቢላው በፊት

ዳሌው የታመመ ሰው ሕመሙን ሽሽት ይቀመጣል። ሲቀመጥ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻው ይሟሽሻል። ቀዶ ሕክምናው አዲስ መገጣጠሚያ ይሰጠዋል እንጂ አዲስ ጡንቻ አይሰጠውም። በማግስቱ ከአልጋ ተነስቶ በክራንች እንዲቆም ሲጠየቅ የሚያቆመው ይዞት የመጣው ጡንቻ ነው።

ሐቁን ለመናገር፣ አስቀድሞ መለማመድ ተአምር አይሠራም። ጥናቶቹ የሚስማሙት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ጊዜ ሕመም እንደሚቀንስና አቅም እንደሚጨምር ነው። ከዚያ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ለመነሳት ይረዳል። ዓመት ሲሞላ ግን በተለማመደውና ባልተለማመደው መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ለእኔ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ናቸው። የአልጋ ቁስል፣ የሳምባ ምችና በእግር ሥር የሚረጋ ደም የሚመጡት በእነዚያ ሳምንታት ነውና።

ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። ፍራሽ፣ ጠንካራ ወንበርና ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ይበቃል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኝ ከሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ መማር ይመረጣል፤ ካልሆነም እነዚህን ለሐኪማችሁ አሳይታችሁ ጀምሩ።

ፍራሽ ላይ በጀርባ ተኝቶ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጎ ጉልበቱን ወደ ታች መጫን፣ እስከ አምስት እየቆጠሩ መያዝና መልቀቅ። ይህ የፊት ጭንን ያጠነክራል። ቀጥሎ ሁለቱን መቀመጫዎች አጥብቆ መጭመቅና መልቀቅ፤ ይህን ሰው ሳያይ መኪና ውስጥም ማድረግ ይቻላል። ቀጥሎ ጉልበትን አጥፎ እግርን መሬት ላይ ተክሎ መቀመጫን ከፍራሹ ማንሳት። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ጀምሩ። የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴን፣ ማለትም እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝን፣ አሁኑኑ ልማድ አድርጉት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም በባት ውስጥ እንዳይረጋ ከሚረዱት አንዱ ነው፤ ሕመም ላይ ሆኖ ከመማር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ይቀላል።

ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን እመርጣለሁ። ክንድ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይያዝ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ። መጀመሪያ በእጅ እየተገፉ መነሳት፣ እየበረቱ ሲሄዱ የእጁን እርዳታ መቀነስ። አምስት ሶላት ስላለን አምስት ቀጠሮ አለን። ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ አምስት ጊዜ ቢነሱ በቀን 25 ይሆናል፤ ማንም አይረሳውም።

እጅም አይረሳ። ክራንች የሚያዘው በእጅ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክንዶቹን በመጫን መቀመጫን ትንሽ ማንሳት፣ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ ወደ ላይ ማውጣትና ማውረድ። ሴቶች እናቶቻችን ይህን ሁሉ በገዛ ክፍላቸው፣ በራሳቸው ልብስ ማድረግ ይችላሉ።

ልምምዱ ማድከሙና ትንሽ መቆጥቆጡ ደህና ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወይም እስከ ማግስቱ የሚዘልቅ ሕመም ካስከተለ ግን በዝቷል፤ መቀነስ ነው። ደረቱን የሚጫነው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አቁሞ ሐኪም ያማክር።

ብዙ የአካባቢያችን ሰዎች ሶደሬ ፍልውሃ ሄደው «ተሻለኝ» ይላሉ፤ አይዋሹም። ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያላላል፤ ደረት ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ደግሞ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ክብደት በጣም ይቀንሳል። ተቀምጦ ከመዘፍዘፍ ይልቅ ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ መራመድ ይጠቅማል። ቆዳው ላይ ቁስል ያለበት ሰው ግን አይግባ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቁስሉ ፈጽሞ ሳይሽርና ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይታሰብም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ከዘራ የያዙ ሰዎችን ስመለከት አብዛኞቹ የሚይዙት በታመመው እግር በኩል ነው። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ቀኝ ዳሌ ከታመመ ከዘራው በግራ እጅ ይያዝ፤ ከታመመው እግር ጋር አብሮ ይውጣ። ዛሬውኑ ሞክሩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው ይቀድማል።

ማዕዱ

ደም ማነስ ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምና ላይ ደም ሲፈሰው ለደም መውሰድ የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ማገገሙም ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 በታች የሆነ ሄሞግሎቢንን ደም ማነስ ይለዋል። ስለዚህ ወረፋ የተመዘገባችሁ ዕለት ቅርባችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ደማችሁን ተመርመሩ፤ የቀዶ ሕክምናው ሳምንት ድረስ አትጠብቁ። የአይረን ክኒን ደምን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈልጋል። ክኒኑ ሰገራን ያጠቁራል፣ ሆድም ያደርቃል፤ አትደንግጡ። ውሃና አትክልት ጨምሩ። ደም ማነሱ ከምን እንደመጣ መጠየቅም ተገቢ ነው። ለዓመታት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የዋጠ ሰው ጨጓራው ቀስ እያለ ሊደማ ይችላልና።

እዚህ ላይ ስለ ቡናችን መናገር ግድ ነው። እኛ ዘንድ ምግብ ከተነሳ ወዲያው ረከቦት ይቀርባል። ቡናና ሻይ ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቡናችሁን ተዉ አልልም፤ አክስቴን «ቡና ተዉ» ማለት «አገር ልቀቁ» እንደማለት ነው። ከምግብም ከክኒኑም በአንድ ሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ይራቅ። በተቃራኒው ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይረኑን ያስገባሉ። በዘመኑ ስሙ የገነነው የኑራ ኤራ ብርቱካን፣ የመርቲ ቲማቲም የደጃችን ፍሬዎች ናቸው። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ ገንዘብ አያስወጣም። ጉበትና ቀይ ሥጋ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ማግኘት የሚችል ያግኝ።

ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። ቁስል የሚጠግነው፣ ጡንቻ የሚሠራው እሱ ነው። ለቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጅ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ሁለት እንቁላል ወደ 12 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት ወይም እርጎ ወደ 16 ግራም፣ ሁለት ኩባያ የተቀቀለ ቦሎቄ ወደ 30 ግራም ይሰጣሉ። እንጀራውና ሽሮው ቀሪውን ይሞላሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፕሮቲን አይጨምር።

ቦሎቄን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የቦሎቄ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረው እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ገበሬያችንም ነጩን ቦሎቄ አምርቶ ለውጭ ገበያ ይሸጣል። ግን ስንቱ ቤት ነው ለራሱ ማዕድ የሚያስቀረው? በሽተኛ ያለበት ቤት ቢያንስ አንድ ቁምጣ ያስቀር።

አረጋውያን ብዙ መብላት አይችሉም። ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መስጠት፣ በአጥሚቱ ውስጥ ወተት መጨመር፣ ከመኝታ በፊት አንድ ብርጭቆ እርጎ ማስጠጣት ይሻላል። ወፍራም ሰዎችም ቢሆኑ ክብደት ለመቀነስ ብለው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ራሳቸውን አያስርቡ፤ የሚከሳው ጡንቻው ይሆናል። ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና የተጠበሰ ነገር መቀነስ በቂ ጅማሬ ነው።

የስኳር ሕሙማን «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ ያድርጉ። ብዙ ሐኪሞች ከ8 በመቶ በታች ካልሆነ ዳሌ መቀየር አይወዱም፤ ከፍ ያለ ስኳር ቁስልን ያመረቅዛልና። የሦስት ወር አማካይ ስለሆነ በሦስት ቀን አይስተካከልም።

ቫይታሚን ዲ የሚገኘው በዋናነት ከፀሐይ ነው። ሙሉ በሙሉ ተሸፍነው የሚወጡ ወይም ከቤት የማይወጡ እናቶች ሊያንሳቸው ይችላል። በግቢ አጥር ውስጥ፣ ባዕድ በማያይበት ቦታ፣ ክንድና እግርን ለሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ ማስነካት ይቻላል። ያነሰው ሰው ሐኪም ክኒን ያዝለታል።

ቁስል፣ ሒጃማና ምላጭ

ለተቀየረ ዳሌ ትልቁ ጠላት ኢንፌክሽን ነው። ተሕዋሲያን ብረቱ ላይ አንዴ ከሰፈሩ በመድኃኒት ብቻ ማስለቀቅ በጣም ያስቸግራል፤ አንዳንዴ የገባው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ትንሽ ቁስል አይቶ ቢመልሳችሁ አትቆጡት። የሚያመረቅዝ ጥርስ አስቀድሞ ይነቀል ወይም ይታከም። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ይነገር። የተሰነጠቀ ተረከዝና በእግር ጣቶች መሐል ያለ ፈንገስ ይታከም፤ ከውዱእ በኋላ በጣቶቹ መሐል ማድረቅ ይለመድ።

ተኩስ፣ ብጣትና ማሸት ይቅር። ሒጃማ የሚወድ ወንድም እህት ካለም ቀዶ ሕክምናው በተቃረበባቸው ሳምንታት ይታቀብ። ቆዳ ላይ የተተወ ብጣት ሁሉ የተሕዋሲያን በር ነው፤ ደም ያነሰውን ሰውም ይበልጥ ያሳንሰዋል። ሱናውን የሚወድ ሰው ከዳነ በኋላ ጊዜ አለው።

ብዙዎች ደግሞ «ንጹሕ ሆኜ ልሂድ» ብለው በዋዜማው ዳሌና ብሽሽታቸውን በምላጭ ይላጫሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ምላጭ ግን ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል። ፀጉሩ መነሳት ካለበት ሆስፒታሉ በመቁረጫ ማሽን ያነሳዋል። ገላን በሳሙና በደንብ መታጠብ ይበቃል። እህቶች በጣታቸው ላይ ጠቆር ያለ ሒና ወይም የጥፍር ቀለም ካለ አንድ ሁለት ጣት ይተው። በማደንዘዣ ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ የሚሰካው ጣት ላይ ነው።

ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁሙ፤ ቁስል እንዳይሽር ያደርጋሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። በማፈር ከማደንዘዣ ባለሙያው መደበቅ አደገኛ ነው። እሱ የሚጠይቀው ሊፈርድ አይደለም።

የሚወሰድ ነገር ሁሉ በአንድ ፌስታል ተይዞ ይቅረብ፤ የግፊት፣ የስኳር፣ አስፒሪን፣ እንዲሁም «መድኃኒት አይደለም» የምንላቸው የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት ውህዶች። አንዳንዶቹ ደም የመርጋት አቅሙን ይቀንሳሉ። የትኛው መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ይወስናል፤ በራስ ውሳኔ ማቆምም አደጋ አለው።

አስቀድሞ የሚጠየቁ የዲን ጉዳዮች

ከቅየራው በኋላ ደም እንዳይረጋ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ይሰጣል። ከእነዚህ መካከል ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ከአሳማ አንጀት የሚዘጋጁ ናቸው። ይህን ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ቤተሰብም ይከራከራል። ከወዲሁ ሁለት ሰው ጠይቁ። ሐኪሙን በክኒን የሚዋጡ ወይም በፋብሪካ የሚቀመሙ አማራጮች ለእናንተ ይሆኑ እንደሆነ፣ ዓሊማችሁን ደግሞ አማራጭ ሲታጣ የዶሩራን ሸሪዓዊ ብይን። ብዙ ዑለማዎች አማራጭ በሌለበትና ሕይወት አደጋ ላይ በሆነበት ጊዜ ይፈቅዳሉ። ከሁሉ የከፋው ለማንም ሳይናገሩ መርፌውን መዝለል ነው። የረጋ ደም ወደ ሳምባ ከሄደ ይገድላል።

ሶላትን በተመለከተ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብን ሑሰይን ቆሞ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦም ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ እንዳስተማሯቸው የታወቀ ነው። ይህን የምናነሳው ቀላል በማይባል ምክንያት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከኋላ በኩል ከተሠራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማቆላለፍና እግርን ወደ ውስጥ ማዞር አዲሱን ኳስ ከቦታው ሊያወጣው ይችላል። ሱጁድና ተሸሁድ ይህንን ሁሉ ያደርጋሉ። ልቡ አልችል ብሎት ቶሎ ሱጁድ ለማድረግ የሚሞክር ሰው መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ በወንበር መስገድን አሁኑኑ ተለማመዱ።

ከዚያ በላይ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ከመሥራቱ በፊት «እኔ ወደፊት ሱጁድ ማድረግ፣ መሬት ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ንገሩት። ባታፍሩ አቀማመጡን አሳዩት። ከየት በኩል እንደሚከፍት፣ ምን ያህል ትልቅ ኳስ እንደሚጠቀም ሲወስን ይረዳዋል። ሲድኑ ወደ ሱጁድ የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ያልተፈቀደላቸውም አሉ። መልሱ የሐኪሙ ነው፤ ጥያቄው ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መቅረብ አለበት።

ቀጠሮው ረመዷን ላይ ከዋለ በሽተኛ ጾምን አፍጥሮ ቀዷ እንዲያወጣ እንደተፈቀደለት አስታውሱ። የመዘጋጃ ሳምንታቱም ምግብና ውሃ ይፈልጋሉ። የሱና ጾምም በዚያ ሳምንት ይቆይ። ከማደንዘዣ በፊት ያለው ጾም ሌላ ነው። በተለምዶ ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ወተትና አጥሚት እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ሆስፒታሉ የነገራችሁ ሰዓት ከዚህ ከተለየ የእሱን ያዙ።

ቤቱ

በሽተኛው ሆስፒታል ሳለ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት ቤቱ ይስተካከል። ዱካና በርጩማ ለወራት ይረሱ። መቀመጫው ሁሉ፣ አልጋውም ጭምር፣ ከጉልበት መታጠፊያ ከፍ ይበል፤ ሲቀመጡ ዳሌ ከጉልበት በላይ ይሁን። ዝቅ ያለ አልጋ እግሮቹ ሥር ብሎኬት ወይም እንጨት ይደረግለት። የሚያንሸራትቱ ምንጣፎች ይጠቅለሉ። ለሌሊት መብራት ይታሰብ። ለውዱእ ከፍ ያለ ወንበር ማስቀመጥ፣ እግሩን የሚያጥብለት ሰው መመደብ ያስፈልጋል፤ ጎንበስ ብሎ እግር መድረስ ከተከለከሉት ነውና። ቁስሉ ላይ ስለሚደረገው ማሰሪያና ስለ ተየሙም ኡስታዙን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ትልቁ ችግር ሽንት ቤቱ ነው። ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ለአዲስ ዳሌ ፈጽሞ አይሆንም። አናጺ መሐሉ የተከፈተ፣ ክንድ ያለው ወንበር መሥራት ይችላል፤ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫውን ቆርጠው የሚጠቀሙም አሉ። እንዳይነቃነቅ ይፈተሽ።

ዘያሪ ጉዳይም አለ። ዚያራ አጅሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሰው በቀን ሲመጣ በሽተኛው ለክብራቸው ሲል ሰዓታት ተቀምጦ ይውላል። ሳል የያዘውም አብሮ ይመጣል። ከቤተሰቡ አንድ ደፋር ሰው ይመደብና በሩን ይያዝ። ከአዲስ አበባ ሲመለሱም መኪናው ወንበር ላይ ትራስ ይደረግ፤ በየሰዓቱ ቆም ተብሎ ጥቂት ይራመዱ።

አክስቴ ከዚያ ባዶ ጉዞ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ጠበቁ። አይረኑን ዋጡ፣ ቡናውን ከምግብ አራቁ፣ ከየሶላቱ በኋላ አምስት አምስት ጊዜ ከወንበር ተነሱ፤ «ይህች ልጅ አስተማሪ ሆነችብኝ» እያሉ። ሲመለሱ ሄሞግሎቢናቸው ከ12 አልፏል፣ ቁስሉም ሽሯል። አልሐምዱሊላህ ተሠራላቸው። በማግስቱ ሲያቆሟቸው ከጎናቸው ካለችው በዕድሜ ከምታንሳቸው በሽተኛ ቀድመው እንደተራመዱ ዛሬም ይተርካሉ። ሱጁዱን ሐኪማቸው እስካሁን አልፈቀደላቸውም፤ በየቀጠሮው ይጠይቁታል። አናጺው የሠራላቸው መሐሉ ክፍት ወንበር ግን ቤታቸው የለም። ሰፈር ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ አንድ አባት ወስደውታል።